የእማዬ ልክ

ጥቅምት 14

ለወንድም ጋሼ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስህ ጣቶችህ ከመጋዝ፣ ቤትህም ከጭንቅ ተጠብቀው ታግኝህ። ባለቤትህን፣ ልጆችህን፣ ከሁሉም በላይ እማዬን ሰላም በልልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቤት ቀይረናል። አሁን ያለንበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠባብ ክፍልና አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ወጥ ቤት። አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለው የጋራ ማሽን ነው። ለካስ ተራ ይያዝለታል፤ እኔ መች አውቄ፣ ባዶ ማሽን አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ልብሳችንን ከተትኩ። ስመለስ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ደረጃ ላይ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ማን እንዳወጣው እስካሁን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ በሆዴ «አንተ ትሆን? አንቺ ትሆኚ?» እላለሁ።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ደግሞ ልጄ በሮጠች ቁጥር ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። እሷ ጨዋታ መስሏት በተረከዟ ትመልስላቸዋለች።

እኔ አሁንም ላውንደሪው ውስጥ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበ ወገብ አሰፋለሁ። እዚህም ሰው «ልብሱ ጠበበ» ይላል እንጂ «ወፈርኩ» አይልም። በዚህስ ከእኛ አይለዩም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድሮ እማዬ ከደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ሳትሰድበኝ አትቀርም ነበር። «ያቺ ዝንጉ ልጇን ብርድ እንዳታስመታ በላት»፣ «ፎቶው ላይ ከስታለች፤ ባሏ ብቻውን ነው እንዴ የሚበላው?» እያለች ታስጽፍህ ነበር። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችህ ግን «እማዬ ደህና ናት» ብለህ ብቻ ዘጋህ። ምን ሆና ነው ስድብ ያለቀባት?

አሠሪዬ ባለቤቱ ያልተመለሰለት ጥሩ ጨርቅ ሰጥቶኛል። ለእማዬ ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ልኳን ላክልኝ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት። በሜትር ለካት፤ በስንዝር እንዳትልክልኝ አደራ።

ታናሽህ ሚጣ


ኅዳር 29

ለእህቴ ለሚጣ፤

ፈጣሪ ከክፉ ብርድና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ። ባለቤቴም ልጆቼም ሰላም ይሉሻል። መልስ የዘገየሁት ለትምህርት ቤት የሚሆን የወንበር ሥራ ተቀብዬ መጋዝ ስስብ ስለከረምኩ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም።

እማዬ ደህና ናት። ሰላም ትልሻለች። ስድቡን የተወችው እርጅና አለዝቧት ይሆናል። ልኳ ይኸውልሽ፤ ደረት መቶ ስምንት፣ ወገብ ዘጠና አምስት፣ ትከሻ አርባ አራት። ቁመቱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ አለች፣ ሽማግሌው አሉ፣ ማሽኑም አለ። መምህሩ የለም። ባልሽ «ደህና ነን» በሚለው ውስጥ ተጠቅልሎ ከሆነ ደግ። ግን ድሮ ከግርጌ በዚያ እንደ ማተሚያ ቤት በሚያምር እጁ አንድ መስመር ሳይጥልልኝ አይቀርም ነበር። ልጆቼ ፊደል ያሳመሩት ያንን እያዩ ነው። ምን ነካው? አኩርፎኛል ወይስ አንቺን ነው ያኮረፈው?

የአናጢ ዓይን ነውና አትቀየሚኝ። መጋጠሚያው የላላ ወንበር ሳልቀመጥበት ነው የሚታወቀኝ።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የመላጊያ ምላጭ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ሁለት ሳንቃ ሳይልግ ይደንዛል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 25

ለወንድም ጋሼ፤

ጤና ከነቤተሰብህ አይለይህ። ምላጩን ገዝቻለሁ፤ ጥሩ ነው ብለውኛል።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የላክልኝ ልክ የእማዬ አይደለም። እማዬ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ ነው፤ አንተ በላክኸው ውስጥ እሷ ገብታ ጎረቤት ትጠራበታለች። ይሄ የሚስትህ ልክ ነው። የሰርጓን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ፣ ዓይኔ አይደለም፣ ተመችቷታል። እናትህ አጠገብህ ካለች ሜትር መዘርጋት ምን ገደደህ?

እባክህ አንድ ቀን ስልክ ቤት ይዘሃት ውጣና ድምፅዋን ልስማ። ካልሆነም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

መምህሩ ደህና ነው። ሥራ ይበዛበታል፤ ሲገባ ደክሞት ጋደም ይላል፣ እኔም ለአንድ መስመር ብዬ አልቀሰቅሰውም። በቀደም እንዲያውም በራችን እጀታ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎ አገኘን። ውስጡ የልጅ ቦቲ ጫማ አለ፤ ያገለገለ ግን ንጹሕ። መምህሩ «ብርድ እንዳይመታት ያሰበ ሰው ነው» አለ። እኔ «የለም፣ የድሃ ልጅ መሆኗን ሊነግሩን ነው፤ ያ ልብሳችንን ያወጣው ሰው ይሆናል» አልኩ። መጣላት ልንጀምር ስንል ልጅቷ ከሁለታችንም ቀድማ እግሯን ከተተችበት። ልኳ ሆነ። አሁን ያንን ጫማ አድርጋ ደረጃውን ስትወርድ ማን አይቶ ፈገግ እንደሚል እከታተላለሁ። እስካሁን ማንም ፈገግ አላለም።

ታናሽህ ሚጣ


የካቲት 18

ለእህቴ ለሚጣ፤

በያለሽበት ሰላም ይዋልልሽ፤ ሰላም ይደርልሽ።

ስልኩ አይሆንም። ስልክ ቤቱ ሩቅ ነው፤ እማዬ ደግሞ እግሯን ያማታል። ፎቶ ልኬልሻለሁ። የኔ ልጆች ግቢ ውስጥ ናቸው። እማዬ ካሜራ ስታይ አፍራ ወደ ውስጥ ገባችብን። ስለ ልኩ፣ ሜትሩን የያዘችው ሚስቴ ነበረች፤ ተሳስታ ይሆናል። ለዚህ ያን ያህል መነታረክ አያስፈልግም። ቀሚሱንም ተይው። ምላጩንም ተይው። ምንም አትላኪ።

መምህሩን በደብዳቤሽ ውስጥ ያስገባሽው እኔ ስለጠየቅሁ ነው፤ ያስታውቃል። ደግሞም ሰው ቢደክመው ለዓመት አይደክመውም። ሚጣ፣ አንድ አባት የወለደን ነን፤ አትደብቂኝ። ጥሎሽ ሄዷል? ሄዶ ከሆነ የሄደውን ሰው ልትሸፍኚለት ብለሽ በሰው አገር አትንገላቺ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ። አሁን ክፍል ሞልቷል፤ ማንንም አታጣብቢም።

ወንድምሽ


መጋቢት 16

ለወንድም ጋሼ፤

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ ስላሳጠርኩ ይቅር በለኝ።

ፎቶህን የስፌት መኪናዬ መብራት ሥር አስገብቼ አየሁት። ልጆችህ ያምራሉ፤ ይደጉልህ። ከኋላቸው የእማዬ ክፍል በር ተከፍቷል። ውስጡ ሳንቃ ተደርድሯል። አልጋዋ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ሳንቃ ነው ያለው፤ እስከ መስኮቱ ድረስ። በሩ ጎን ካለው ሚስማር ላይ ሹራቧ የለም። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ያ ሹራብ ከዚያ ሚስማር የሚወርደው እሷ ስትለብሰው ብቻ ነበር።

ደግሞ «ክፍል ሞልቷል» ብለኸኛል። የእኛ ቤት መቼ ነው ክፍል የተረፈው? እኔና አንተ አንድ ፍራሽ ላይ እግርና ራስ ሆነን አይደለም ያደግነው?

አውቃለሁ። በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ማን አጠገቧ ቆሞ ይደግፋታል ብላችሁ ነው። ስድቡ የቀረው፣ ልኩ የጠፋው፣ እግሯን ያመማት፣ ካሜራ ያፈረችው፣ ሁሉም ለዚህ ነው። እማዬ ካሜራ ስታይ መቼ ነው ያፈረችው? አንተን ገፍትራ አይደለም መሐል የምትቆመው?

ብቻዬን አለቀስኩ። ምድር ቤት ወርጄ ማሽኑን ባዶውን አስነሳሁና በጩኸቱ ውስጥ የልቤን አደረስኩ። አንዲት ጎረቤት ልብሷን ታቅፋ ገባች። አየችኝ። ተመልሳ ወጣች፤ ቆይቼ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ሌላ ሰው እንዳይገባ ስትከለክል አገኘኋት። ስንት ጊዜ በሆዴ «አንቺ ትሆኚ?» ብያት እንደነበር ሳስብ አፈርኩ።

አሁን እውነቱን ጻፍልኝ። መቼ ነው? ታማ ነበር? ጠርታኝ ነበር?

ልጄ ለአጎቷ አንድ ነገር ልጻፍ ብላ ለምናኛለች። «ምሥጢር ነው፤ አታይም» ስላለችኝ ፖስታውን የምታሽገው እሷ ናት።

ሚጣ

አጎቴ እንደምን አለህ። አባዬ በግራ እጁ መጻፍ እየተማረ ነው። አስተማሪው እኔ ነኝ። «ሀ» ቀጥ ብላ አልቆም አለችው። አትስቅበት።


ሚያዝያ 10

ለእህቴ ለሚጣ፤

ደብዳቤሽ እጄ እንደገባ ነው የምጽፍልሽ። ሥራ ፈትቼ።

እናታችን አልሞተችም። በአባታችን አጥንት እምልልሻለሁ። እንባሽን ጥረጊ። በሕይወት አለች፤ ይህን ከልቤ ነው የምነግርሽ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። በወረቀት ላይ ላሰፍረው የማልፈልገው ነገር አለ፤ ሆድ ይፍጀው።

ልጅሽ ጻፈችልኝ። ከሁላችን የተሻለች ታማኝ ናት። የመምህሩ ቀኝ እጅ ምን ሆነ?

ወንድምሽ


ግንቦት 8

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ብዬህ ልጀምር። የቀረውን እንዳመጣጡ ተቀበለኝ።

መሐላህን አላመንኩም ነበር። ለኀዘንተኛ የሚማል መሐላ ብዙ ነውና። እስከ ትናንት ድረስ አላመንኩም። ትናንት አንዲት ሴት የካፖርት ቁልፍ ልታስተክል ላውንደሪ መጣች። ስናገር ቅላጼዬን ሰማችና በአማርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ከአገር ቤት ከመጣች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ሰፈሬን ነገርኳት። የአናጢው እህት ነኝ አልኳት።

«እንዴ፣ ታዲያ እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።

«በምኑ?»

«በእናትሽ ነዋ። ጋሽ ክላክስን አግብታ የለ?»

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ጋሽ ክላክስ ማለት እኮ እኒያ በቤታችን ፊት ሲያልፉ ሁሌ ጡሩምባ የሚነፉት የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ልጆች ሆነን ለእኛ የሚነፉ ይመስለን ነበር።

«ሞታለች ብዬ አልቅሼ ነበር» አልኳት።

ሴትዮዋ ካፖርቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እሷ? ልመጣ ሰሞን ገበያ መሐል ሽንኩርት ሻጩን ሚዛንህ ይሰርቃል ብላ ስታስጨንቀው ትቻት ነው የመጣሁት። ሰፈሩ ሁሉ መርቆላታል። ያኮረፈው ልጇ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ለእኔ ሞተሻል ብሎ ዕቃዋን በጋሪ ጭኖ ላከላት።» ወዲያው ማን እንደሆንኩ ትዝ አላትና አፏን ያዘች።

ወንድም ጋሼ፣ ሞተሻል ያልከው አንተ፣ ያለቀስኩት እኔ።

እናትህ የት እንዳለች እያወቅህ «ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች» ትለኛለህ። ሰላምታውን ማን ነገረህ? ከገበያ ነው የሰማኸው? ጨርቁን እስካሁን መቀስ አላስነካሁትም፤ ለሚስትህ ይሁን ብዬ ላሽሟጥጥህ ነበር፣ እሷ ምን አደረገች ብዬ ተውኩት።

በል እኔም የኔን ላውጣ፤ አንተን ብቻ ውሸታም ማለት አልችልም። መምህሩ ጥሎኝ አልሄደም። የሚሠራው የሆቴል አንሶላ የሚተኮስበት ቦታ ነበር። በጋለው የመተኮሻ ማሽን ጥቅልል ውስጥ አንሶላ ሲያስገባ ማሽኑ ቀኝ እጁን ይዞት ገባ። የቀሩት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው። ይህ የሆነው ቤት ከመቀየራችን በፊት ነው፤ የቀየርነውም ለዚሁ ነው። «ለወንድምሽ አትጻፊለት። የእጄን ጽሑፍ ነው የሚያውቁት፤ እንደዚያው ይወቁኝ» አለኝ። አሁን ቀን ቀን ቤት ይውላል። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታስቀምጠውና ፊደል ታስቆጥረዋለች፤ ሲሳሳት ደግሞ እሱ ድሮ ተማሪዎቹን እንደሚያየው አድርጋ ታየዋለች። መጀመሪያ ይናደድ ነበር። አሁን ከእሷ በፊት ጠረጴዛውን ጠርጎ ይጠብቃታል።

ከእንግዲህ «ደህና ናት» አትበለኝ። ሂድ። በዓይንህ አይተህ፣ ከአፏ ሰምተህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ደብዳቤህን አልፈልግም።

ሚጣ


ሰኔ 11

ለእህቴ ለሚጣ፤

ለአንቺም፣ ለልጅሽም፣ ለመምህሩም ሰላም ከነበረከቱ ይድረሳችሁ። ለመምህሩ እንዲህ በይልኝ፤ ልጆቼ ያደጉበትን ጽሑፍ የሠራችው እጅ ብቻ አይደለችም። ብዙ እጁ ሙሉ ሰው አብሮኝ ሠርቷል፤ የሠራው ወንበር ግን ይወላገዳል።

ሄድኩ። በቀጥታ አልሄድኩም፤ ሁለቴ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ለምን እንዳኮረፍኩ ልንገርሽ፤ ሴትዮዋ ያላወቀችው እሱን ነው። አባታችንን ረሳችው ብዬ አይደለም። «እናቱን መቀለብ አቅቶት ዳራት» ይሉኛል ብዬ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በሩን ሳላንኳኳ ገፍቼ ገባሁ። እማዬ የጋሽ ክላክስን ጥፍር እየቆረጠችላቸው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጥፍሩ ተመለሰች።

«የሰው ቤት ሲመጣ ይንኳኳል» አለች።

ተመልሼ ወጣሁ። አንኳኳሁ። «ግባ» አለች።

ጋሽ ክላክስ ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ከዚያ ሽንኩርት ጨርሰናል ብለው እየደባበሱ ወጡ። ሽንኩርቱ በሩ ጥግ በከረጢት ሙሉ ይታየኛል። ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ የወጣኝ ግን «ምን ጎደለሽ?» የሚል ነው። «ምግብ ጎደለሽ? ልብስ ጎደለሽ?»

«ወሬ ጎደለኝ» አለችኝ። «አንተ ከመጋዝህ ጋር ትውላለህ፤ ሚስትህ ከልጆችህ ጋር። ‹በላሽ ወይ› ከማለት ሌላ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ? ይኼ ሰውዬ ትናንት ምን አለምሽ ብሎ ይጠይቀኛል።»

ያንቺን ነገር አነሳሁ። እንደሞተች ቆጥረሽ እንዳለቀስሽ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቆየት ብላ «በጣም አለቀሰች?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ የመምህሩን እጅ ነገርኳት። መቀሱን አስቀመጠችው። የራሷን ቀኝ እጅ ስታገላብጥ አየኋት።

«እሷስ ለምን ደበቀችኝ?»

«እንዳትጨነቂ ብላ ነው።»

«አንተስ ከእሷ ለምን ደበቅኸኝ?»

«እንዳትጨነቅ ብዬ።»

«ጎሽ» አለች። «እንግዲህ ማንም ሳይጨነቅ እኔ ልጅ አልባ ሆኜ ከረምኩ።»

ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም፤ ታውቂኛለሽ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ። ራሴን ዳበሰችኝና «ፀጉርህ መጋዝ ብናኝ ሞልቶታል፤ ሚስትህ አታይህም እንዴ?» አለችኝ። ስድቡ ያኔ ተመለሰልኝ። ለአንቺም ልካለች። «እኔን ሳትጠይቅ የገደለችኝን ያቺን ዝንጉ፣ ሌላ ጊዜ ከማልቀሷ በፊት ታጣራ በላት፤ ለባሏም ግራ እጅ ለእግዜር ያው ነው በለው» ብላለች። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ።

ጋሽ ክላክስ ሽንኩርት ሳይዙ ተመለሱ። ማንም አልጠየቃቸውም። ለመሄድ ስነሳ እማዬም ተነሳችና እስከ በር ሸኘችኝ። ሚጣ፣ እኔን እናቴ ሸኝታኝ አታውቅም። አብሮ የኖረ ሰው አይሸኝም። አንቺ የሄድሽበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ እስከ መኪናው ድረስ ነበር የመጣችው፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እንደ እንግዳ መሸኘት ምን እንደሚመስል ያኔ አልጠየቅሁሽም።

«በል እንግዲህ፣ ቤቱን አውቀኸዋል» አለችኝ።

«አውቄዋለሁ» አልኳት።

ጥቂት ሄጄ ዞር ስል ገና በሩ ላይ ቆማለች። ደግሜ ለመዞር አፈርኩ። መታጠፊያው ድረስ ግን ጀርባዬን እያየችልኝ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እርምጃዬን አዘግይቼ ሄድኩ።

ወንድምሽ